ስልክ ሁሉ የሚያነበው ደብዳቤ

አንድ ወዳጄ ወደ ዱባይ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ለእህቱ የሚተውላትን ማስታወሻ ሊያሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። ማስታወሻው አጭር ነው፤ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል፣ የቤቱ ዋይፋይ፣ የዕቁብ ሰብሳቢዋ ስልክ፣ የመብራት ቆጣሪው ቁጥር። እንዲሁ በፊደል ማሳተሙን ፈርቶ «ነፃ» ከሚል ድረ ገጽ ላይ ወደ ኪውአር ኮድ ቀየረውና ምስሉን በሱቁ ቴሌግራም ላከ። የሱቁ ልጅ አትሞ፣ ላሚኔት አድርጎ አስረከበው። «አየህ፣ ምስጢሬን በእጁ ይዞ እንኳ አያውቀውም» አለኝ እየሳቀ። ስልኬን አውጥቼ ካሜራውን ካርዱ ላይ ደገንኩ። ሳቁን ሳይጨርስ የይለፍ ቃሉ እኔ ስልክ ላይ ተነበበ።

«ኮድ ስለሆነ ማንም አያውቀውም»

ጥፋቱ በከፊል የስሙ ነው። «በኮድ ያወራሉ» ስንል ምስጢር ያወራሉ ማለታችን ስለሆነ፣ ኪውአር ኮድ ሲባልም የተቆለፈ ነገር ይመስለናል። የሠሩት ሰዎች ግን ያሰቡት ተቃራኒውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ የቶዮታ ቡድን አባል በሆነው ዴንሶ ኩባንያ ማሳሂሮ ሃራ የተባለ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር የፈጠረው የመኪና መለዋወጫ ለመቆጣጠር ነው። ሠራተኛው አንድ ካርቶን ላይ የተለጠፉ ብዙ ባርኮዶችን አንድ በአንድ ሲያነብ ይውል ነበርና፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚይዝ፣ ከየትም አቅጣጫ በቅጽበት የሚነበብ ምልክት አስፈለገ። «ኪውአር» የሚሉት ሁለት ፊደላትም «ፈጣን ምላሽ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጡ ናቸው። አሠራሩ ለሁሉም ይፋ ነው፤ ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ይዞ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቀደ።

ድሮ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከልጁ ደብዳቤ ሲደርሰው የጎረቤት ተማሪ ጠርቶ ያስነብብ ነበር። ደብዳቤው ለተቀባዩ ዝግ ነው፤ ለተማሪ ሁሉ ግን ክፍት። ኪውአር ኮድም እንደዚያው ነው። ማንበብ የተሳነው የእኛ ዓይን እንጂ ስልኩ አይደለም። ካፌ ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፈውን የዋይፋይ ኮድ ተራ ጽሑፍ በሚያሳይ መተግበሪያ ስካን ቢያደርጉት፣ የኔትዎርኩ ስም፣ ከጎኑም የይለፍ ቃሉ እንደወረደ ተጽፎ ያገኙታል።

«ሸፍኜዋለሁ»

አዲስ የፋይዳ ካርድ ወይም የባንክ ደረሰኝ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ስሙንና ቁጥሩን በጥቁር ይሸፍንና ኪውአር ኮዱን እንዳለ ይተወዋል። ጠንቃቃው ደግሞ መሐሉ ላይ የሚስቅ ኢሞጂ ይለጥፍበታል። መሐሉ እኮ ድርጅቶች አርማቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው! አርማው ሥር ያለው ጠፍቶም ኮዱ የሚነበበው፣ ሲሠራ ጉዳቱን የሚጠግን ተጨማሪ መረጃ አብሮ ስለሚገባበት ነው። አራት ደረጃ አለው፤ ዝቅተኛው 7 በመቶ፣ ከፍተኛው 30 በመቶ ገደማ የሚሆን ጉዳት መልሶ ያሟላል። ግራሶ የነካው ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ነገር በእስክሪብቶ መስመር አይበገርም።

ኮዱን ለማንበብ ረጅም ጊዜም አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 የብሉምበርግ ቴሌቪዥን አቅራቢ 20 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ለባልደረባው በስጦታ ሰጠ። ባልደረባውም የገንዘቡን መክፈቻ የያዘውን ወረቀት ከነኪውአር ኮዱ ለጥቂት ሰከንድ ካሜራ ፊት አሳየ። ፕሮግራሙን ይከታተል የነበረ አንድ ተመልካች ከቴሌቪዥኑ ላይ ስካን አድርጎ ገንዘቡን ወሰደው።

«ማስታወሻዬ በሙሉ ካሬው ውስጥ ነው»

አጭር ከሆነ፣ አዎ። ትልቁ ኪውአር ኮድ 177 በ177 ነጥብ ሲሆን ቢበዛ 2,953 ባይት ይይዛል። ለእንግሊዝኛ ጥሩ ነው፤ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነውና። የእኛ ፊደል ግን በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይበላል። «ሰላም» ብቻዋን ዘጠኝ ናት። ስለዚህ በአማርኛ ከ984 ፊደል በላይ አይገባም፤ እሱም ቢሆን ነጥቦቹ ከመድቀቃቸው የተነሣ ርካሽ ስልክ የሚያነበው በመከራ ነው። እርስዎ የሚያነቡት ይህ ጽሑፍ ራሱ አይገባም።

ረዘም ያለ ማስታወሻ «በኪውአር» ሲላክ እንግዲህ ካሬው የሚይዘው ሊንክ ብቻ ነው። ማስታወሻው ያለው ሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው። ጥያቄው ወዲያው ይለወጣል፤ የሰርቨሩ ባለቤት ያነበዋል ወይ? ደኅና የተሠሩት አገልግሎቶች ጽሑፉን እዚያው እርስዎ ስልክ ላይ ኢንክሪፕት አድርገው፣ የሚልኩት የተቆለፈውን ብቻ ነው። መክፈቻውን ደግሞ ሊንኩ ጫፍ ላይ ከመሰላል ምልክት በኋላ ያስቀምጡታል፤ ያቺው *804# ስንል መጨረሻ ላይ የምንጫናት መሰላል። ብራውዘር ከመሰላል በኋላ ያለውን ወደ ሰርቨሩ አይልክም፤ ለራሱ ያስቀረዋል። ብልህ ዘዴ ነው። ሰርቨሩ ቢዘረፍ እንኳ ሌባው የሚያገኘው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው።

ነገር ግን ካሬው ሊንኩን ከነመክፈቻው ይዟል። ካሬውን ፎቶ ያነሣ ሰው በሩንም ቁልፉንም አግኝቷል። ለዚህ ነው የረባ ምስጢር ሲሆን ተጨማሪ የይለፍ ቃል አድርጎ፣ እሱን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ደውሎ በቃል፣ መንገር የሚያስፈልገው።

«አንዴ ተነቦ ይጠፋል»

አንዴ ብቻ እንዲነበብ የተላከ ማስታወሻ ከሰርቨሩ ይጠፋል። ከአንባቢው ስክሪን ሾት ግን ማንም አያጠፋውም። ሌላም አስቂኝ ጣጣ አለ፤ ሊንክ በቴሌግራም ሲልኩ ከሥሩ የምትመጣዋን ትንሽ ሣጥን ለማዘጋጀት የቴሌግራም ሰርቨር ሊንኩን ቀድሞ ይከፍተዋል። አገልግሎቱ «ለማንበብ እዚህ ይጫኑ» የሚል በር ከሌለው፣ አንዴ ብቻ የሚነበበው ማስታወሻ ማሽን አንብቦት ይቃጠላል፤ ተቀባዩ የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው።

እኔ ኪውአር ኮድን የምወድደው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው አንዱ ስክሪኑን ቢያሳይ፣ ሌላው ስካን ቢያደርግ፣ ጽሑፉ በማንም ቻት አያልፍም። ሲግናልና ዋትስአፕም «በእርግጥ የማወራው ከአንቺ ጋር ነው ወይ?» የሚለውን ለማረጋገጥ ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ አንዱ የሌላውን የደኅንነት ቁጥር ስካን ያደርጋል። ወረቀት ላይ ሲታተም ነው ችግሩ የሚጀምረው።

«ስካን ካደረግኩ ስልኬ ይጠለፋል»

ይህ ደግሞ ከሌላው ጽንፍ የመጣ ፍርሃት ነው። ካሬውን ማንበብ ብቻውን ስልክ አይጠልፍም፤ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሊንኩን ያሳያል፣ መክፈትና አለመክፈት የእርስዎ ነው። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኦስቲን ከተማ፣ ሌቦች የመኪና ማቆሚያ መክፈያ ማሽኖች ላይ የራሳቸውን ኪውአር ስቲከር ለጥፈው ከፋዩን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሲወስዱ ተደርሶባቸዋል። ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቴሌብር ኮድም ላዩ ላይ ሌላ ሊለጠፍበት ይችላል፤ ከመክፈልዎ በፊት የሚመጣውን ስም ማንበብ ነው።

ከሁሉ የከፋው የመግቢያ ኮድ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ሲግናል ኮምፒውተር ላይ በኪውአር ይከፈታሉ። በመተግበሪያው በራሱ መቃኛ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ያወጣውን ኮድ ስካን ካደረጉ፣ አካውንትዎን ለዚያ ሰው ከፈቱለት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ጉግል እንዳሳወቀው፣ ለሩሲያ የሚሠሩ ሰላዮች ይህንኑ ኮድ የሲግናል ግሩፕ መጋበዣ አስመስለው ይልኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስካን ላደረገው ሰው የሚመጣ መልእክት ለሰላዮቹም ይደርሳል። «ሽልማትዎን ለመውሰድ ስካን ያድርጉ» የሚል ሲመጣ ይህን ያስቡ። ቅንብሩ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር አልፎ አልፎ ማየትም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወዳጄ የይለፍ ቃሉን እዚያው ቀየረ። ከዚያ ምስሉ የት የት እንደቀረ ቆጠርን፤ የጻፈበት ድረ ገጽ፣ የራሱ ቴሌግራም፣ የሱቁ ቴሌግራም፣ የሱቁ ኮምፒውተር። ተመልሰን ሄደን የሱቁን ልጅ እንዲያጠፋልን ለመንነው። ልጁ ፎልደሩን ሲከፍት የሰው ፓስፖርት፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ ተደርድሯል። «የቱ ነበር ጋሼ? እዚህ ብዙ ነው» አለ፣ ምንም ሳይከፋው።

ቦሌ ሲሸኝ፣ ከመፈተሻው በፊት ስክሪኑን ለእህቱ አሳያት፤ ስካን አደረገች፤ የይለፍ ቃሉን በጆሮዋ ነገራት። ላሚኔት የተደረገውን ካርድ ግን በእጁ ሊቀድደው ታግሎ አቃተው። መቀሱ ያለው እኔ ቤት ስለነበር ካርዱን ይዤ ተመለስኩና፣ 30 በመቶውን እያሰብኩ በደቃቁ ከተፍኩት።