የቃኘው ሬዲዮ ጣቢያና ዘፈናችን

ሆጤ ላይ ከሬዲዮ የቆየ ዘፈን ስንሰማ አንዳንዴ የኤሌክትሪክ ጊታር በአምባሰል ቅኝት ይጫወታል። ጊታሩ ከገባባቸው በሮች አንዱ አሥመራ ነበረ።

አሜሪካኖች በ1943 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ራዲዮ ማሪና የተባለውን የኢጣልያኖች ጣቢያ ያዙ። አሥመራ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የሩቅ ሞገድ ለመጥለፍ ተስማሚ ነበረች፤ ስለዚህ በ1953 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውለው ሰፈሩን አስፋፉት። ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ ክራር መቃኘትንም ማስታወሱ ደስ ያሰኛል።

ለወታደሮቹ መዝናኛ የተከፈተው ሬዲዮ፣ ዛሬ ክላሲክ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ገና ትኩስ ሳለ ያሰማ ነበር። ሞገድ በዘበኛ አይታገድምና የከተማው ወጣትም አዳመጠው። እርግጥ ጣቢያው ብቻውን አልነበረም፤ ሸክላና ሲኒማም ረድተዋል። አዲስ አበባ ላይ የኤልቪስ ወዳጅ የነበረው ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነ፤ በ1969 የተቋቋመው አምሃ ሪከርድስም ሸክላውን አወጣ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቅኝታችንን አጠፋ የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ትዝታና አንቺሆዬ፣ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ የያዙት ባቲና አምባሰልም ዛሬ ድረስ ይዘፈናሉ። የቃኘው ሰፈር ግን በ1977 ተዘግቷል።