ከሱስና ከክፉ ልማድ ስለ መራቅ የጃይን ትምህርት፦ ተረቱና እውነታው

ከጥንት ጀምሮ በህንድ አገር የኖረው የጃይን ሃይማኖት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ተከታዮቹ 4.45 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆነው ቢገኙም፣ በግብረ ገብ ትምህርቱ ከምእመናኑ ቍጥር በላይ የገነነ ነው፤ ነገር ግን ዝና ሩቅ በተጓዘ መጠን ተረትም አብሮት ስለሚጓዝ፣ በተለይ ስለ መጠጥ፣ ስለ ቁማርና ስለ ልዩ ልዩ ሱስ የሚያስተምረው ነገር ብዙ ጊዜ ተጣምሞ ሲነገር ይሰማል። ስለዚህ ከሚነገሩት ዋና ዋናዎቹን እያነሣን፣ እውነታውን በየተራ እናስረዳለን።

ተረት፦ ይህ ትምህርት ለመናንያን እንጂ በዓለም ለሚኖር ሰው አልተሰጠም።

እውነታ፦ ልብሳቸውን ጥለው የሚኖሩት የዲጋምባራ መነኮሳትና ነጭ ለባሾቹ የሽቬታምባራ መነኮሳት በየሥዕሉ ስለሚታዩ፣ ሃይማኖቱ የተባሕትዎ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በመነኮሳትና በመነኮሳይያት፣ በምእመናንና በምእመናት በአራቱ ነው፤ በጎረቤታችን በኬንያ፣ በናይሮቢና በሞምባሳ የሚኖሩት ጃይኖችም በአብዛኛው በንግድ ሥራቸው የታወቁ ባለትዳሮች ናቸው። አምስቱን ብፅዐቶች፣ ማለት ሕይወት ያለውን አለመጕዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ንጽሕናን መጠበቅና ንብረትን ያለ ልክ አለማከማቸትን፣ መነኵሴው በሙሉ ሲፈጽማቸው «ማሃቭራታ»፣ ምእመኑ እንደ አቅሙና እንደ ኑሮው ሲጠብቃቸው «አኑቭራታ» ይባላሉ፤ ለምሳሌ በንጽሕና ረገድ መነኵሴው ፍጹም ድንግልናን ሲይዝ፣ ባለትዳሩ በጋብቻው ታምኖ እንዲኖር ይጠየቃል። መጠጥንና የመሰለውን ሱስ እየዘረዘሩ የሚከለክሉት ምዕራፎችም፣ እንደ ሳማንታባድራ «ራትናካራንዳ ሽራቫካቻራ» ባሉ፣ ለምእመናን ሥርዓት ተብለው በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ተረት፦ የጃይኖች ምግባር ሁሉ ሥጋ ባለመብላት ያበቃል።

እውነታ፦ ከሥጋ መከልከል በእርግጥ ታላቅ ሥፍራ አለው፤ ነገር ግን ሥጋ መብላት መምህራኑ ሰውን ወደ ጥፋት ይወስዳሉ ብለው ከቈጠሯቸው ሰባት ክፉ ልማዶች መካከል አንዱ ብቻ ነው። ሰባቱም ቁማር፣ ሥጋ መብላት፣ ስካር፣ ከጋለሞታ ጋር መሄድ፣ ለደስታ ማደን፣ ስርቆትና የሰው ሚስት መመኘት ናቸው። ቁማር በዝርዝሩ ራስ ላይ መቀመጡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁማርተኛ የተበላውን ለማስመለስ ይዋሻል፣ የዋሸው ሲያልቅበት ይሰርቃል፣ የሰረቀውንም በመጠጥና በዝሙት ያጠፋልና፣ አንዱ በር ሲከፈት የቀሩት ስድስቱ ሳይንኳኩ ይከፈታሉ። ለእያንዳንዱም በህንድ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ታሪክ ተያይዞ ይነገራል፦ ንጉሥ ዩዲሽቲራ መንግሥቱን በዳይስ ጨዋታ አጣ፣ የያዳቫ ነገድ በስካር እርስ በርሱ ተላለቀ፣ ራቫና የሌላውን ሚስት ተመኝቶ ከነሠራዊቱ ጠፋ፤ የምሳሌዎቹም ፍሬ ነገር፣ ክፉ ልማድ ድኻውንና ደካማውን ብቻ ሳይሆን ነገሥታትንም ከዙፋን ያወርዳል የሚል ነው።

ተረት፦ መጠጥ የተከለከለው አምላክ በቍጣ ስለ ከለከለው ነው።

እውነታ፦ የጃይን ሃይማኖት ዓለምን የፈጠረና የሚቀጣ አምላክ አለ ብሎ ስለማያስተምር፣ ክልከላው በትእዛዝ ሳይሆን በምክንያት የጸና ነው። መምህራኑ የሚሰጡት ምክንያት ሁለት ወገን አለው፦ በመጀመሪያ፣ የሚብላላ መጠጥ ዓይን የማያያቸው እልፍ ሕያዋን የሚፈጠሩበትና የሚጠፉበት ስለሆነ፣ መጠጣቱ ራሱ ሕይወት ማጥፋት ነው ይላሉ፤ ሁለተኛም፣ ሰካራም ልቡናው ስለሚጨልም፣ በንቃት ሳለ የማያደርገውን ጕዳት ሳያመነታ ያደርጋል ይላሉ። ማርም ንቦች ተጐድተው የሚገኝ ነው በማለት በጥንቱ ሥርዓት ከመጠጥና ከሥጋ ጋር ተከልክሏልና፣ የእኛ ጠጅ በዚህ ሕግ ቢመዘን በማሩም በመብላላቱም ሁለት ጊዜ በተፈረደበት ነበር። ቅጣቱም ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ቍጣ፣ ትዕቢት፣ ተንኰልና ስስት የተባሉት አራቱ ፍትወታት በነፍስ ላይ ሲነሡ፣ ካርማ የሚሉት ረቂቅ ነገር በነፍስ ላይ ተጣብቆ ያከብዳታል፤ ሱስም እነዚህን አራቱን የሚያነቃ ስለሆነ፣ ሰው በገዛ እጁ ራሱን ያስራል ብለው ያስተምራሉ።

ተረት፦ ሁሉን በአንድ ቀን ያልተወ፣ ወይም ትቶ የወደቀ፣ በዚህ ሥርዓት ተስፋ የለውም።

እውነታ፦ ለምእመን የተሠራው መንገድ ደረጃ ያለው ሲሆን፣ አሥራ አንድ ማዕርጋት ተቈጥረውለታል። ብፅዐት ለዕድሜ ልክ ብቻ ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜም ሊገባ ይችላል፤ ሰው ለ48 ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ አሳቡን የሚሰበስብበት «ሳማይካ» የተባለው ሥርዓትም ፍትወትን መግዛት በጥቂት በጥቂቱ እንዲለመድ የተዘጋጀ ነው። ለወደቀውም «ፕራቲክራማና» የሚባል፣ የሠራውን በደል እያሰበ የሚናዘዝበትና የሚመለስበት ሥርዓት አለ፤ ይኸውም በዓመቱ ታላቅ በዓል፣ እያንዳንዱ ከዘመዱ፣ ከወዳጁና ከባላጋራው ይቅርታ በሚጠይቅበት ቀን፣ በምእመናኑ ሁሉ ይፈጸማል።

ተረት፦ ይህ ያረጀ ትምህርት ነው፤ ለዘመናችን ሱስ መልስ የለውም፤ ለሌላው ሕዝብም አይነገርም።

እውነታ፦ ትምባሆ ወደ ህንድ የገባው የጥንቶቹ ዝርዝሮች ከተጻፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ፣ በሰባቱ መካከል ስሙ አይገኝም፤ ነገር ግን ሱስ ሰውን በገዛ እጁ ያስራል የተባለው ምክንያት በትምባሆም ላይ የሚደርስ ስለሆነ፣ የኋለኞቹ መምህራን ጨምረው ከልክለውታል። የሽቬታምባራ ቴራፓንት ወገን ዘጠነኛ አለቃ የነበሩት አቻርያ ቱልሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በራጃስታን የአኑቭራትን ንቅናቄ ሲመሠርቱ፣ ከአስካሪና ከሚያደነዝዝ ነገር መራቅን ከጥቂቶቹ ቀላል ብፅዐቶች አንዱ አድርገው፣ ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ማንም ሰው እንዲገባበት ፈቀዱ። ከእርሳቸው በኋላ አሥራ አንደኛው አለቃ አቻርያ ማሃሽራማን፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2022 ከዴልሂ ተነሥተው እስከ ኔፓልና ቡታን በእግራቸው በተጓዙበት ዘመን፣ በየመንደሩ ያስተማሩት ሦስት ነገር ነበር፦ በጎ ፈቃድ፣ ግብረ ገብነትና ከሱስ ነጻ መውጣት።

እንግዲህ ተረቱ ተገፎ ሲታይ፣ የጃይን መምህራን ሱስን የሚነቅፉት ደስታን ስለሚጠሉ ሳይሆን፣ ንቃቱን ያጣ ሰው ሌላውን ከመጕዳት ራሱን ሊጠብቅ አይችልም ብለው ስለሚያምኑ ነው። ሃይማኖታቸውን የማይቀበል አንባቢም ቢሆን፣ ይህን ምክንያታቸውን በራሱ ልማድ ላይ መዝኖ ሊፈርድበት ይገባዋል።