ሐኪሙ ስለ በረቱ ካልጠየቀ

ለፋሲካ አሜሪካ ካለችው ኖርክሮስ ከተማ ወጣ ብለን ሙክት ልንገዛ ስንሄድ ጓደኞቼ የበጉን ጀርባ ይዳብሳሉ። እኔ ባለ እርሻውን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በዚህ በረት ሰሞኑን የወለደች ወይም የጨነገፈች አለች ወይ? ይስቁብኛል። አገር ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፣ አመሉ አልለቀቀኝም።

የምጠይቀው ኪው ፊቨርን ፈርቼ ነው። ኮክሲየላ በርኔቲ የሚባለው ባክቴሪያ በበግ፣ በፍየልና በላም ውስጥ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይኖራል፤ አንዳንዴ ያስጨነግፋል። በብዛት የሚወጣው በወሊድ ጊዜ ነው፤ በእንግዴ ልጁና በሽርት ውሃው። ያ ሲደርቅ ከአቧራው ጋር ይቀላቀላል፣ ለወራትም አይሞትም። ሰው በአብዛኛው የሚያዘው ያንን አቧራ በመተንፈስ ነው፤ ነፋስ ስለሚወስደው በረት ረግጦ የማያውቅ ጎረቤትም አያመልጥም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 ከወተት ፍየል እርባታዎች የተነሣው ወረርሽኝ ከ4,000 በላይ ሰዎችን አሳምሟል። ብዙ ሺህ ያረገዙ ፍየሎች እንዲወገዱ የተደረገው ያኔ ነው።

በሽታውን በ1930ዎቹ አጋማሽ የለየው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኤድዋርድ ዴሪክ ነው፤ ታማሚዎቹ የብሪስቤን ቄራ ሠራተኞች ነበሩ። የእኛም ቄራ አልቀረም። በ1990 በወጣ ጥናት አዲስ አበባ ቄራ ላይ የበሽታው አሻራ በደም ምርመራ ተገኝቷል። በ2013 የታተመው የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ከብት ጥናት ደግሞ ያስደነግጣል፦ ከተመረመሩት ግመሎች 90 በመቶ፣ ከፍየሎቹም ከግማሽ በላይ ለባክቴሪያው ተጋልጠው ነበር። ሁሉም ታመዋል ማለት አይደለም። ግን እዚያ አካባቢ ትኩሳት የያዘው እረኛ ስንት ጊዜ የወባና የታይፎይድ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት ይሆን?

አሜሪካም ቢሆን ጉንፋን ተብሎ ይታለፋል። የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ መንገዱ ካልተዘጋ ከኖርክሮስ ሩቅ አይደለም፤ በሽታው ከ1999 ጀምሮ በአገር ደረጃ ሪፖርት ይደረጋል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ካልጠረጠረ ምርመራውን አያዝዝም።

ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። ሌሎቹን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ላብና ድካም ይይዛቸዋል፤ ሳንባና ጉበትም ሊታመም ይችላል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ርካሽ መድኃኒት በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ከመቶ ከአምስት በሚያንሱት ላይ ነው በሽታው ተደብቆ ቆይቶ የልብ ቫልቭ የሚያጠቃው፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ከዓመት በላይ ይፈጃል። ቀድሞ የቫልቭ ችግር ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት ከወለደች ፍየል ይራቁ። ጥሬ ወተትም ይቅርባቸው።

እናንተም በግ ከገዛችሁ ወይም አገር ቤት ደርሳችሁ ከመጣችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። በረት ገብቼ ነበር በሉት።