ጉጌ ተራራ ልትወጡ ነው? ራስ ምታቱን አትናቁት

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉጌ ተራራ ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ይላል። ቶሎ ከወጣችሁ ሰውነታችሁ የኦክስጅኑን ማነስ ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ፦

👉 መጀመሪያ ዶርዜ ወይም ጨንቻ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ።

👉 ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከጀመራችሁ ሽቅብ መሄዱ ይቁም።

👉 አርፋችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ግራ ከተጋባችሁ ወዲያው ከሰው ጋር ውረዱ። "ጠዋት ይሻለኛል" አይሠራም!

ቤት ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣስ? "የመንገድ ድካም ነው" ብላችሁ አትተኙ። አርባ ምንጭ ወባ አለ። የዚያኑ ቀን ደም ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

አብሯችሁ ለሚሄድ ጓደኛ ሼር አድርጉለት። መልካም ጉዞ!