ሳስቶ የረገበ የመኪና ወለል በብየዳ እንዴት ይጠናከራል?

ለማስተማር ልምምድ ወንበርና ጠረጴዛ ጭና የምትመላለሰውን የተቋማችንን ቫን የማያውቅ የለም። ባለፈው መንፈቅ የኋላ የዕቃ ወለሏ ጭነት ባረፈበት ቁጥር ይሰረጉድና ይንቋቋ ጀመር። ከወለሉ ሥር ደግሞ የነዳጅ ታንክ አለ። አንድ ቀን የጠረጴዛ እግር ላሜራውን ቀዶ ቢወርድ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እኛ የወርክሾፕ ክበብ አባላትም «ይኸማ ቀላል ነው! ወፍራም ላሜራ ደርበን ዙሪያውን እንበይደዋለን» አልን። መምህራችን አልተቆጡንም። «እስቲ መጀመሪያ አስሉት፤ ቀጥሎም በቁራጭ ላሜራ ሞክሩት» አሉን። ያን ጊዜ ነው ስሕተታችን የተገለጠልን።

አንደኛው ስሕተት የክብደት ነው። ወለሉ 1.5 ሜትር በ1.2 ሜትር፣ ማለትም 1.8 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብንደርብ መኪናዋ በየቀኑ 28 ኪሎ ያህል በከንቱ ልትሸከም ነው። በአንጻሩ 25 በ25 በ3 ሚሊ ሜትር የሆነ አንግል ብረት በሜትር 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ባለ 1.2 ሜትር አንግሎች በድምሩ 4 ኪሎ ያህል ቢሆኑ ነው።

ታዲያ 4 ኪሎ ብረት እንዴት ይበቃል? ማስመሪያችሁን አግድም ይዛችሁ በጠፍጣፋው በኩል ተጫኑት፤ ይለመጣል። በጠርዙ አቁማችሁ ተጫኑት፤ እምቢ ይላል። ማስመሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው አቋሙ ነው። ወረቀትም እንዲሁ ነው። በሁለት መጻሕፍት መካከል ቢዘረጋ ጠመኔ አይሸከምም፤ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ቢታጠፍ ግን ይሸከማል። አንግሉም አንድ ጎኑ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ፣ ሌላው ጎኑ ወደ ታች ሲቆም ወለሉ አይለመጥም። ዳሩ ግን የአንግሉ ሁለት ጫፎች በመኪናዋ ጠንካራ ተሸካሚ ብረቶች ላይ ማረፍ አለባቸው። በላሜራው መካከል ከቀሩ ጭነቱን የሚያወርዱት እዚያው ስሱ ላሜራ ላይ ስለሆነ፣ ውሎ አድሮ ጫፋቸው ዘንድ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ መበየድ ነው። 1 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የጋለው ሥፍራ እንዳይረዝም በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ይይዘዋል፤ ሲበርድ ደግሞ ይኮማተርና ዙሪያውን ይስበዋል። ሙከራ ያደረግንበት ቁራጭ ላሜራ እንደ ሰፌድ የጎበጠው ለዚህ ነው። መፍትሔው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በይዶ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል መዝለል፤ ቀጥሎም ወደ ሌላው ዳር ተሻግሮ የመጀመሪያው እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀጭን ኤሌክትሮድና ዝቅተኛ አምፔር ይበጃል። እሳቱንም በወፍራሙ አንግል ላይ አስጀምሮ ወደ ስሱ ላሜራ መሳብ ነው፤ አለበለዚያ ይበሳዋል።

ሦስተኛው ስሕተት ግን ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ታንኩ ባዶ ነው፤ ምን ችግር አለው?» አለ። መምህራችን ወዲያው ሥራውን አስቆሙ። ባዶ ታንክ በነዳጅ ትነት የተሞላ ስለሆነ ከሞላው ይልቅ ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም ታንኩ ተፈትቶ ከወርክሾፑ ርቆ ተቀመጠ። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ተነቀለ፤ ምንጣፉና ስፖንጁ ወጣ፤ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም ከሥፍራው ተነሡ። ላሜራው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ሽፋኑ ተፍቆ፣ በሩ ተከፍቶ ነው የሚበየደው፤ የዚንክ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚልና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያስይዛል። ያለ ማስክ የብየዳ ብርሃን ያየ ሰውም ሕመሙ ወዲያው አይታወቀውም፤ ማታ ግን ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። የአሸዋ ባልዲ ከአጠገባችን አልተለየም፤ ከጨረስንም በኋላ የተደበቀ ፍም እንዳይኖር ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻም ብየዳው የነካውን ሁሉ ከላይም ከታችም ጸረ ዝገት ቀለም ቀባነው።

ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የተሰበረ ወንበር፣ የላላ በር፣ የዘመመ ሰሌዳ ይጠብቀናል። ከመጠገናችን በፊት «ጭነቱ በየት በኩል አልፎ የት ያርፋል?» ብለን እንጠይቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያ የጎበጠ ቁራጭ ላሜራ በወርክሾፑ በር ላይ ተሰቅሏል። ስታልፉ እዩት፤ ለቫኗ ወለል ታስቦ የነበረው እሱ ነው።