ከጋፋት እስከ ሐዝሚየህ
በቤይሩት ዳርቻ ሰንሰለት የፈታው ሐኪም ቤትና የዛሬዎቹ ጎረቤቶች

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአበው ብሂል እውነትነቱ ጎልቶ የሚታየው ሰው በባዕድ ሀገር ሲታመም ነው። ወላጅ ዘመድ በሌለበት፣ ቋንቋው በማይገባበት ከተማ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም የሚያደርሰው አጠገቡ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከሊባኖስ ዋና ከተማ ከቤይሩት በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ሐዝሚየህ ለዚህ ብሂል ሁለት ዘመን የተሻገረ ምስክር ናት። ከመቶ ዓመት በፊት በዚህች ሠፈር ኮረብታ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት የገነባው ሰው፣ ትዳሩን በኢትዮጵያ ምድር የመሠረተ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋትም የሠራ ነበር።

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር እ.አ.አ. በ1832 በስዊዘርላንድ ተወለዱ። በባዝል ከተማ አቅራቢያ ባለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም ከሠለጠኑ በኋላ ከሌሎች የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አጼ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የፈለጉት የእጅ ሙያቸውን ነበር። በጋፋት የተቋቋመው የብረታ ብረት መሥሪያ መድፍ እስከ ማቅለጥ ደረሰ፤ ታላቁ «ሴባስቶፖል»ም የተሠራው በዚያው ነው።

ዋልድማየር በዚያው ዘመን አማርኛ ተምረው የጆን ቤልን ልጅ አገቡ። እንግሊዛዊው ቤል ከንጉሠ ነገሥቱ የሊቀ መኳስነት ማዕረግ የተሰጣቸው የቅርብ ወዳጅ ሲሆኑ፣ እ.አ.አ. በ1860 በጦር ሜዳ ጌታቸውን ሲከላከሉ ወድቀዋል። የልጃቸው እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች። እንዲህም ሆኖ የሚስዮናዊው ቤት ግማሹ አውሮጳዊ፣ ግማሹ ኢትዮጵያዊ ሆነ። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከተሠው በኋላ የእንግሊዝ ጦር የጋፋት ባለሙያዎችን ከሀገር ይዞ ወጣ። የዋልድማየር ቤተሰብ ጉዞም በቤይሩት አበቃ።

በሊባኖስ ዋልድማየር በመጀመሪያ ለእንግሊዝ የሶርያ ትምህርት ቤቶች ሠሩ። እ.አ.አ. በ1873 ደግሞ ከቤይሩት በላይ ባለችው የተራራ መንደር በብሩማና የኩዌከሮችን ሚስዮን መሠረቱ። በዚያ የተተከለው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ብቻ አልበቃም፤ ለመንደርተኛው ሕክምና መስጠትም የሚስዮኑ ሥራ ሆነ። በሽተኛ በር ሲያንኳኳ መጽሐፍ ብቻ ይዞ መቀበል አይቻልምና።

ይሁን እንጂ መድኃኒት የማይሰጣቸው፣ በር የማይከፈትላቸው ሕሙማን ነበሩ። አእምሯቸው የታወከ ሰዎች በዚያ ዘመን ወደ ገዳም ይወሰዱ ነበር። በቃዲሻ ሸለቆ በሚገኘው የቆዝሐያ ገዳም ዋሻ ውስጥ፣ ርኩስ መንፈስ ይወጣላቸዋል በሚል እምነት፣ አንገታቸው በሰንሰለት ታስሮ ይቆዩ እንደነበር በሚገባ ይታወቃል። የሕሙማን መታሰር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእኛም ሀገር በእግር ብረትና በገመድ የተያዙ ሕሙማንን ያላየ ጥቂት ነው። አሳሪው ብዙውን ጊዜ ጨካኝ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ያጣ ቤተሰብ ነው።

ዋልድማየር ይህን አማራጭ ለመፍጠር የተነሡት ሌላው ሰው ለጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ፣ በ64 ዓመታቸው ነው። እ.አ.አ. በ1896 የብሩማናውን ሥራ ትተው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ በመዞር ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በቤይሩትና በለንደንም ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። እ.አ.አ. በ1898 በሐዝሚየህ ዓስፉሪየህ የተባለው ኮረብታ ተገዛ። ስሙ ወፍ የሚል ትርጉም ካለው የአረብኛ ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪም ቤቱም እ.አ.አ. በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን ተቀበለ።

የተቋሙ መሠረት ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ሕመምተኛን በሰንሰለት ሳይሆን በሕክምናና በርኅራኄ መያዝ፣ ሁለተኛው ሃይማኖት ሳይለዩ ሁሉን መቀበል። በኋላ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ኮሌጅ የሕክምና ተማሪዎችም በዚያ ተምረዋል። ዋልድማየር እ.አ.አ. በ1915 አረፉ። ሐኪም ቤቱ ከረጅም አገልግሎት በኋላ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ተዳክሞ እ.አ.አ. በ1982 ተዘጋ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ያለፈ ዘመን ትዝታ በሆነ ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚያችው በሐዝሚየህ ነው። እ.አ.አ. በሰኔ 2020 የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያሽቆለቁል አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው እያመጡ በቆንስላው ደጅ ጥለዋቸው ሄደዋል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 4 ቀን፣ የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሆስፒታሎችንም አወደመ።

የእነዚህ እህቶች ችግር ከሥጋ ቁስል ያለፈ ነው። በሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞች አልተካተቱም። «ከፋላ» በተባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤቱ የወጣች ሠራተኛ ሕጋዊነቷን ታጣለች። ሕጋዊነቷን ያጣች ደግሞ እንዳትያዝ ስለምትፈራ ብትታመምም ሐኪም ቤት ለመሄድ ትሰጋለች። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.አ.አ. በነሐሴ 2008 እንዳስታወቀው ከጥር 2007 ጀምሮ ቢያንስ 95 የውጭ ሀገር የቤት ሠራተኞች በሊባኖስ ሞተዋል፤ ከእነዚህ 40ው ራሳቸውን እንዳጠፉ የተመዘገቡ ሲሆን 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው። ብቸኝነት፣ እንቅልፍ ማጣትና በቤት መቆለፍ ለዓይን የማይታይ ሰንሰለት ናቸው።

ዛሬ ይህን ሰንሰለት ለመፍታት የሚሞክሩት ከሩቅ የመጡ ሚስዮናውያን ብቻ አይደሉም። እ.አ.አ. በ2017 ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» ለተቸገሩ እህቶች ምግብና የቤት ኪራይ ሲያደርስ ቆይቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ደግሞ በቤይሩት ዳርቻ በቡርጅ ሐሙድ ለስደተኛ ሠራተኞች ነጻ ሕክምና ሰጥቷል። አንዷ የታመመችውን ታጅባ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ታስተረጉማለች፤ የቀሩት ለመድኃኒት ያዋጣሉ። ሀገር ቤት ዕድር የምንለው ሥርዓት በስደት ከተማም ሕይወት ያድናል።

የጎረቤት ደግነት ግን የሕግን ቦታ አይተካም። የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዜጎች ለሥራ የሚላኩት ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላት ሀገር እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ስምምነት በሚደረግበት ጊዜ የሕክምና ዋስትና፣ በተለይም የአእምሮ ጤና አገልግሎት፣ ከደመወዙ እኩል ሊነሣ ይገባል። ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ሥልጠናም «ብታመም ወዴት እሄዳለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ መያዝ ይኖርበታል።

ዋልድማየር ለአንድ ሐኪም ቤት ሁለት አህጉር ዞረው ለምነዋል፤ ሊታከሙ የነበሩትም የሀገራቸው ሰዎች አልነበሩም። በዚያው ኮረብታ ሥር የሚንከራተቱት ግን የእኛው ልጆች ናቸው።