በበለስ ላይ የሚታየው ነጭ ጥጥ ምንድን ነው?

በአማርኛ «ቁልቋል» የምንለው ቃል እጅግ ሰፊ ነው። ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ ዘርግቶ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰውን የአገራችንን ዛፍ ቁልቋል እንለዋለን፤ ጠፍጣፋና እሾሃማ አካል ያለውን፣ በለስ የሚያፈራውንም እንዲሁ። ትግርኛ ተናጋሪዎች ሁለተኛውን «ቆልቋል ባሕሪ» ሲሉት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን በስሙ ያስታውሱናል። በእጽዋት ሳይንስ ምደባም ሁለቱ ፈጽሞ የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው የኢዩፎርቢያ ወገን ሲሆን ሁለተኛው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እውነተኛ ካክተስ ነው። በላሊበላና በላስታ ደጋማ ቦታዎች ስለሚበቅሉ ውሃ አዘል እጽዋትና ስለ ተባዮቻቸው ስንነጋገር ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ዛሬ የምንመለከተው ተባይ አንደኛውን ሲገድል ሌላኛውን አይነካውም።

ተባዩ ኮቺኒል ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ዳክቲሎፒየስ ኮከስ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ታሪኩ የተጀመረው በተባይነት ሳይሆን በሀብትነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ ትግራይ እንዲገባ የተደረገው ካርሚን የተባለውን ቀይ ቀለም አምርቶ ለውጭ ገበያ ለማቅረብ ታስቦ ነው። ሐሳቡ መሠረት አልነበረውም አይባልም። በሜክሲኮና በፔሩ ይህን ነፍሳት ማርባት ጥንታዊ ሙያ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ኮቺኒል ለማግኘት ግን ከ1 መቶ ሺህ በላይ ነፍሳት መልቀም ያስፈልጋል። ለቀማው ሲቆም ነፍሳቱ መባዛታቸውን አያቆሙም። በትግራይም የሆነው ይኸው ነው። ኮቺኒሉ ከታሰበለት ክልል ወጥቶ ራያ አዘቦን በመሳሰሉ ወረዳዎች የሚገኙትን የበለስ ቁጥቋጦዎች በሰፊው አጠፋ። በለስ የሚበስለው በክረምት፣ ጎተራ በሚጎድልበት ወቅት በመሆኑ ለብዙ ቤተሰብ የጠፋው ፍራፍሬ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ምግብ፣ የከብት መኖና አጥር በአንድ ላይ ሄደዋል። ራያ ደግሞ የሰሜን ወሎ ጎረቤት ነው።

ለመሆኑ ይህ ደቃቃ ፍጡር ትልቅ ተክል የሚገድለው እንዴት ነው? እንስቷ ክንፍ የላትም። መርፌ መሰል አፏን በተክሉ ሥጋ ውስጥ ሰክታ ዕድሜዋን በሙሉ ከዚያው ሳትንቀሳቀስ ፈሳሹን ስትመጥ ትኖራለች። ሰውነቷን ነጭ ሰም ይሸፍነዋል፤ ከሩቅ ጥጥ የሚመስለው እርሱ ነው። አዲስ የተፈለፈሉት ጨቅላዎች በአካላቸው ላይ በሚያወጡት የሰም ክር እየታገዙ በነፋስ ይወሰዳሉ። ተክሉ በብዙ ሺህ አፎች ሲመጠጥ ይገረጣል፣ ጠፍጣፋ አካሎቹ ይረግፋሉ፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ቀዩ ቀለም ካርሚኒክ አሲድ ሲሆን ነፍሳቱ ጉንዳንን የመሰሉ ጠላቶችን የሚከላከሉበት መሣሪያ ነው። (በከረሜላና በእርጎ ማሸጊያ ላይ «ኢ 120» የሚል ጽሑፍ ያየ አንባቢ ይህንኑ ቀለም አግኝቷል፤ የጾም ምግብ ለሚመርጥ ሰው ይህን ማወቁ አይከፋም።)

መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። ነጩን ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጨፍልቆ ማየት ነው። ደም የመሰለ ደማቅ ቀይ ከወጣ ኮቺኒል ነው። በእሬትና በቤት ውስጥ በምናሳድጋቸው ውሃ አዘል እጽዋት ላይ የሚታየው ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሚሊባግ የተባለ ሌላ ነፍሳት ነው፤ ይህ ሲጨፈለቅ እንዲያ ያለ ቀለም አይሰጥም፣ በዝግታም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። በቅጠል ላይ እንደ ትንሽ ቅርፊት ተለጥፎ በጥፍር ሲፈነቀል የሚነሳው ደግሞ ስኬል ነው። የእሬት ቅጠል ወይም አበባ ያለ ቅርጽ ካበጠና ከተጣመመ ተጠያቂዋ በዓይን የማትታይ ምጥ ልትሆን ስለምትችል ያበጠውን ክፍል ቆርጦ ማቃጠል ይሻላል። ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ላይ ነጭ ነገር የታየ እንደሆነ ኮቺኒል መጣ ብሎ መቁረጥ ስሕተት ነው፤ ወተቱም ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

የላስታ ከፍታ በራሱ የተወሰነ መከላከያ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ብርድ የኮቺኒልን ዕድገት ያዘገያል፣ ኃይለኛ የክረምት ዝናብም ጨቅላዎቹን አጥቦ ይጥላል። ሞቃትና ደረቅ የሆኑት የተከዜ ሸለቆዎች ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የላቸውም። ስለዚህ ፍተሻው በረጅሙ የበጋ ወራት፣ ጥላ ከሚበዛበት የተክሉ ጎንና ከእሾሁ ሥር ቢጀመር ይመረጣል።

ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ የታየበትን ተክል በሳሙና ውሃ በጠንካራ ብሩሽ ማሸት ይበቃዋል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና መበጥበጥ፣ በቅድሚያም በአንድ ጠፍጣፋ አካል ላይ ሞክሮ ሁለት ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። ሳሙናው ሰሙን ስለሚያላቅቅ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ገላ ይጋለጣል። ክፉኛ የተያዘውን ቆርጦ እዚያው ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል። የኬሚካል መርጫን እኛ አንመክርም፤ ሰሙ መርዙን ይመልሰዋል፣ ፍሬውን ደግሞ ልጆች፣ ጠፍጣፋውን አካል ከብቶች ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮቺኒል ዘመድ የሆነ ሌላ ዝርያ የገባባት ሞሮኮ ብዙ በለስ ነቅላ ካቃጠለች በኋላ ነፍሳቱን የሚበላ ጥንዚዛ ወደ መልቀቅና ተባዩን የሚቋቋሙ የበለስ ዝርያዎችን ወደ መትከል ተሸጋግራለች።

ከሁሉም ርካሹ መከላከያ ግን ለአጥር መትከያ ወይም ለመኖ የሚሆን የበለስ ቁራጭ ከተያዘ አካባቢ ጭኖ አለመምጣት ነው። በወልድያና በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚያወጣው የጭነት መኪና አንድ ቁራጭ ይዞ ቢመጣ፣ ነፋስ ብቻውን ብዙ ጊዜ የሚወስድበትን መንገድ በአንድ ቀን ያሳጥርለታል።